ምስጋናም መዝገብ ይኑረው

ለአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን
ለልደታ ክፍለ ከተማ ፖሊስ መምሪያ
ለልደታና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

ጉዳዩ፦ የረዳንን ፖሊስ በአግባቡ የምናመሰግንበት አሠራር እንዲዘረጋ ስለመጠየቅ

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለጉዳይ በሚበዛበት ሰዓት ያለፈ ሰው ራፖር ጸሐፊዎችን ያውቃቸዋል። አንዱ ጥላ ዘርግቶ፣ ሌላው ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ፣ የባለጉዳዩን ታሪክ እያዳመጠ ክስ ይጽፋል፣ መልስ ይጽፋል፣ ይግባኝ ይጽፋል፣ የዋስትና ጥያቄ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ የተለመደ አጻጻፍ አለው፤ ከላይ የሚቀርብለት መሥሪያ ቤት፣ ከሥሩ «ጉዳዩ»፣ ቀጥሎ ፍሬ ነገሩ በተራ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ዳኝነት። እዚያው ወንበር ላይ አንዲት እናት ተቀምጣ «ልጄ ጠፍቶብኝ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈላልግልኝ ላደረው ፖሊስ የምስጋና ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብትለው ግን ያ ይግባኝ አርቃቂ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል። ለማን ብሎ ይጽፈዋል? የትኛው ክፍል ገቢ ያደርገዋል? ማንስ ቁጥር ሰጥቶ ይቀበላታል? ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ የመጀመሪያ መስመር እንዲሞላ ነው።

ቅሬታ በአገራችን መንገድ አለው። ፖሊስ የበደለው ሰው ለጣቢያው ኃላፊ፣ ለመምሪያው፣ ለኮሚሽኑ ያመለክታል። ከዚያ ባሻገር በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 210 እና 211 የተቋቋሙት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አሉለት፤ ጉዳዩ ሙስና ከሆነ በ1993 ዓ.ም የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን አለ። እነዚህ በሮች ሁሉ በተግባር ወለል ብለው የተከፈቱ ናቸው አልልም፤ ሊሰፉ እንጂ ሊጠቡ አይገባም። ምስጋና ግን በር የለውም። በዚህ የተነሳ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ እዚያው አፍ ላይ ይቀራል፣ ወይ ገንዘብ ሆኖ ኪስ ውስጥ ይገባል። ከመጀመሪያው ለፖሊሱ ሥራ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ሁለተኛው ይጎዳዋል። ስለዚህ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ የረዳንን ፖሊስ የምናመሰግነው በጽሑፍ፣ የሠራውን ሥራ ለይተን፣ ለአለቃው አድርሰን ይሁን፤ ጽሑፉም በግል ማኅደሩ ውስጥ ይቀመጥ። ገንዘብም ሆነ ስጦታ ይህን አይተካውም።

ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። ደግ የዋለለትን ሰው በባዶ እጁ መሰናበት ያሳፍረዋል፤ ውለታ ቢስ መባልን የሚፈራ ሕዝብ ነን። ከዚህም የራቀ ሥር አለው። በድሮው ዘመን ሹም ዘንድ የሚሄድ ሰው ማር ወይም ሙክት ሳይዝ አይሄድም ነበር፤ እጅ መንሻ ይባል ነበር። ሹሙም የሚኖረው ባብዛኛው በደሞዝ ሳይሆን ከሕዝቡ በሚመጣለት ግብርና መስተንግዶ ስለነበር፣ ነገሩ እንደ ነውር አልተቆጠረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የዚያ አኗኗር አሻራ ነው። ከአራዳ ዘበኛ ዘመን በኋላ በ1934 ዓ.ም የፖሊስ አዋጅ ወጥቶ ዘመናዊ ፖሊስ ሲደራጅ ግን የተፈለገው ሌላ ነገር ነበር፤ ደንብ ልብስ የለበሰ፣ ማዕረጉ የታወቀ፣ በመንግሥት ደሞዝ የሚተዳደር፣ ማር ይዞ ለመጣውም ምንም ላልያዘውም እኩል የሚቆም ሰው። ያ ሐሳብ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተፈጸመም። እጅ መንሻው አልጠፋም፣ አነሰ እንጂ። የተሰረቀ ስልኩ የተመለሰለት ሰው በሰላምታ መሐል ከመዳፉ ወደ ፖሊሱ መዳፍ የሚያሳልፈው አራት ጊዜ የታጠፈ ብር ነው፤ ስሙም «ለሻይ» ነው። ሰጪው ከልቡ ነው የሰጠው፤ ተቀባዩም አልጠየቀም። ነገር ግን እዚያው ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዋን የምትጠብቅ፣ ቦርሳዋን ከነትራንስፖርት ሳንቲሟ የተነጠቀች ሴት አለች። እሷ ያንን ሰላምታ አይታለች። የእሷ ጉዳይ ሲደርስ ምን ይዛ መቅረብ እንዳለባት ማንም ሳይነግራት ገብቷታል።

ሕጉም ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚመለከተው ሥራውን አጣምሞ ጉቦ የበላውን ብቻ አይደለም፤ በሥራው ምክንያት ሊያደርገው ለሚገባው ትክክለኛ ተግባር የማይገባ ጥቅም የተቀበለውም የመንግሥት ሠራተኛ ከተጠያቂነት አያመልጥም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 እ.ኤ.አ ያጸደቀው የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብም በ7ኛው አንቀጹ ማናቸውንም የሙስና ድርጊት ይከለክላል፤ ከአንቀጹ ጋር የተያያዘው ማብራሪያ ስጦታን በስሙ ይጠቅሳል። እንግዲህ «ለሻይ» ብለን ያስጨበጥነው ብር ላመሰገንነው ሰው ያተረፍንለት ስጋት ነው። ጎረቤቱ የሆነ ባልደረባ አይቶት ነገ ቂም ቢይዝበት፣ ያ መልካም ሥራው የክስ ፍሬ ነገር ሊሆን ይችላል። ውለታ የዋለልንን ሰው ለዚህ ማጋለጥ ምስጋና አይባልም።

«የፖሊስ ደሞዝ ስንት ነውና! ብሰጠው ምን አለበት?» የሚል ሰው አለ፤ ርኅራኄው እውነተኛ ነው። የኑሮ ውድነቱ ደንብ ልብስ ለለበሰ አይራራም፤ የአንድ ኮንስታብል የቤት ኪራይ ጥያቄ የማንም አዲስ አበቤ ጥያቄ ነው። የደሞዝን ማነስ የሚያስተካክለው ግን ደሞዝ ነው፤ ይህንንም እኛ ነዋሪዎች በግልጽ ልንጠይቅላቸው ይገባል። ጉርሻ የሚያደርገውን እንይ። ጉርሻ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ በበዛበት የተመደበው ፖሊስ ያገኛል፤ በጌጃ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ሌሊት በእግሩ የሚዞረው አያገኝም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪዎች ነገር ነው። አንዲት የተደፈረች ልጅ ቃሏን እንድትሰጥ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ቀናት በሚያሳልፍ መርማሪ ፊት የተቀመጠው ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የታክሲ ብር እንኳ የተቸገረ ነው። ከፖሊስ ሥራ ሁሉ ከባዱ፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው፣ ሰውን ከገደል አፋፍ የሚመልሰው ሥራ በጉርሻ ሚዛን ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን ለማንም አይጠቅም።

በዚህ ላይ ልበ ደንዳና መሆን አልፈልግም። በግንቦት ልደታ ምዕመናን መንገዱን ሞልተው ሲተራመሱ ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ለቆመ ፖሊስ የጠርሙስ ውሃ የምታቀብል እናት ሙስና ሠራች የሚል የለም። ቡና ስታፈላ በበሯ የሚያልፈውን የማኅበረሰብ ፖሊስ «አንድ ስኒ ጠጣ ልጄ» የምትለዋም እንዲሁ። መለያው ከባድ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እያየ የሚሰጥ፣ ጉዳይ የሌለውም ሰው የሚሰጠው፣ ነገ ምንም የማይጠየቅበት ነገር ጉርብትና ነው። ከዚያ ከፍ ያለ ልግስና ያሰበ ደግሞ፣ ለምሳሌ ለጣቢያው ወንበር ወይም ኮምፒዩተር መስጠት የሚሻ ነጋዴ፣ ለተቋሙ፣ በደብዳቤ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ይስጥ። ጉዳዩ በዚያው ጣቢያ ምርመራ ላይ ያለ ሰው ግን ይህንንም ማድረግ የለበትም።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፤ ምስጋና በደብዳቤ ሲሆን ጥቅሙ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። «ፖሊሶቻችን ጀግኖች ናቸው፣ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ደስ ይላል፣ ነገር ግን አለቃውን የሚያስተምረው የለም። እንዲህ ቢባልስ፦ «በዚህ ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ከኮካ ኮላ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ፣ ቦርሳዬን የነጠቀኝን ሰው ተከታትለው የያዙት ረዳት ሳጅን፣ ቦርሳውን እፊቴ ከፍተው ዕቃውን አንድ በአንድ ቆጥረው መዝግበው አስፈረሙኝ፤ ተያዡንም ሊደበድብ የተሰበሰበውን ሰው ገላግለው ጉዳት ሳይደርስበት ወሰዱት።» ይህ ደብዳቤ አራት ነገር ይናገራል። ፖሊሱ ቦታው ላይ ነበረ፤ ኤግዚቢቱን እንደ ደንቡ ያዘ፤ የተበዳይን ንብረት አላጎደለም፤ የተጠርጣሪንም አካል ጠበቀ። የመጨረሻውን በተለይ የሚጽፍ ሰው እምብዛም ነው፤ መጻፍ ያለበት ግን እሱ ነው። እኛ የምናመሰግነው ምን እንደሆነ ፖሊሱ ሲያውቅ፣ ከእሱ ምን እንደምንጠብቅም ያውቃል። ተጠርጣሪን በጥፊ ስላጣደፈ የምናመሰግነው ከሆነ ነገ ልጃችን ሲጠረጠር የሚጠብቀውን ጥፊ በእጃችን ጽፈናል።

ስሙን ሳላውቅ እንዴት እጽፋለሁ ለሚል ሰው፣ ደረቱ ላይ ያለው የስም ወይም የቁጥር መለያ፣ የፓትሮሉ መኪና ሰሌዳ፣ ካልሆነም ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይበቃል፤ የተረኞች ዝርዝር ጣቢያው ዘንድ አለ። በአስቸኳይ መስመር 991 ደውሎ ማመስገን ግን አይገባም፤ በዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው እርዳታ እየፈለገ ይሆናል። ጊዜውም መታሰብ አለበት። ጉዳዩ በምርመራ ወይም በልደታ ችሎት በክርክር ላይ እያለ መርማሪው ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፤ ከአንድ ወገን የደረሰው የምስጋና ወረቀት የተከላካይ ጠበቃ ጥያቄ ይሆንበታል። የመጨረሻ ፍርድ እስኪሰጥ መታገሥ ይሻላል። ክስ በሌለበት ጉዳይ፣ ማለትም የጠፋ ልጅ ሲገኝ፣ አቅመ ደካማ መንገድ ሲሻገሩ፣ በመኪና የተገጨ ሰው ባልቻ ሆስፒታል ሲደርስ፣ በዚያው ሳምንት መጻፍ ነው።

ከመምሪያው የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በየጣቢያው መረጃ መስጫ ቦታ ላይ ቅሬታና ምስጋና በአንድ መዝገብ፣ በሁለት ዓምድ የሚቀበል ሠራተኛ ይኑር፤ ለአቅራቢው ቁጥር ያለው ማረጋገጫ ይስጠው። መጻፍ የማይችል ሰው ሲመጣ ቃሉ ተጽፎ፣ ተነቦለት፣ ጣቱን ያሳርፍበት። ደብዳቤው በፈረቃ መግቢያ ሰልፍ ላይ ይነበብ፣ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዝ፣ የሥራ አፈጻጸም ሲሞላና ማዕረግ ሲታይ ከፊት ይቅረብ። የለንደን ፖሊስ ከሕዝብ ምስጋናንም ቅሬታንም የሚቀበልበት መደበኛ መንገድ አለው፤ ለእኛም ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። «ፖሊስና እርምጃው» የተባለው የፖሊስ ጋዜጣ የወንጀል ታሪኮችን ለሕዝብ ሲያደርስ እንደነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ የተቋሙ የዛሬ የመገናኛ ዘዴዎችም ከነዋሪ የመጡ ደብዳቤዎችን፣ የተበዳይን ስም ሸፍነው፣ ሊያቀርቡ ይችላሉ።

ሊነሣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ «ደሞዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው፤ ግዴታውን ለሠራ ሰው ምን ምስጋና ያስፈልገዋል?» የሚለው ነው። ግዴታ መሆኑን አልክድም፤ ፖሊስ የረዳኝ በቸርነቱ ነው ብሎ ማጎንበስ የዜጋ ወግ አይደለም። ይሁን እንጂ ግዴታ ስፋት አለው። ቃል ተቀብሎ ማስፈረም ግዴታ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ደውሎ «ጉዳይሽ እዚህ ደርሷል» ማለት ግን በአዋጅ የሚገኝ ነገር አይደለም። የፖሊስ ማኅደር የሚያድገው በጥፋት ብቻ ከሆነ፣ ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው መዝገብ ሲገለጥ የሚታየው ቅጣቱ ብቻ ይሆናል። ከዚህ ብልህ ሰው የሚማረው ትምህርት መጥፎ ነው፤ ያልሠራ አይሳሳትምና ጥጉን ይዞ መቆም ነው። ለሐኪም ይህን አናደርግም። ዘመዳቸው የዳነላቸው ሰዎች በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ሐኪሙንና ነርሶቹን በስማቸው ሲያመሰግኑ ኖረዋል፤ ማንም «ደሞዝ ይከፈላቸው የለም ወይ» አላለም። በ2005 ዓ.ም የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ከዘርፎቹ አንዱን መንግሥታዊ ኃላፊነትን በብቃት ለተወጡ ሰዎች መስጠቱም ኅብረተሰቡ ነገሩን እንደሚረዳ ያሳያል። ነገር ግን ሽልማት በዓመት ለጥቂቶች ነው። የትራፊክ ፖሊሱን አሰፋ መዝገቡን በሬዲዮ የአደጋ ዘገባው ያላወቀ አዲስ አበቤ ጥቂት ነበር፤ ማይክሮፎን ያልደረሳቸው፣ በየአደባባዩ ጭስ ሲጠጡ የሚውሉ ባልደረቦቹን ግን በስም የሚያውቃቸው የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ በአክብሮት ልመልስለት እወዳለሁ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘ፣ ከጊዜው በላይ የታሰረ፣ ጣቢያ ውስጥ የተመታ ሰው በዚህች ከተማ አለ። በ2014 ዓ.ም በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት በአዲስ አበባ የነበረውን እስር በተመለከተ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ስጋቱን በይፋ ገልጿል። ይህን ያየ ሰው «ፖሊስን አመስግኑ» ሲባል ቢቆጣ እውነት አለው። ለዚህ ነው ምስጋናው ለተቋሙ ሳይሆን ለሰውየውና ለድርጊቱ ይሁን የምለው። አንድ ሳጅን ልጅ ስላፈላለገ የሌላው ሳጅን ዱላ አይሰረዝም። እንዲያውም መልካሙን በስሙ መለየት የቻለ ሕዝብ ክፉውንም በስሙ ለመለየት ይደፍራል፤ ሁሉንም አንድ ላይ መርገም ለበዳዩ ጥሩ መደበቂያ ሆኖት ኖሯል። መምሪያው በዓመቱ መጨረሻ የምስጋናውን ብዛት ብቻ አውጥቶ የቅሬታውን ከደበቀ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለቱ ዓምዶች አብረው ለሕዝብ ይውጡ።

«ምስጋናውም ለሪፖርት ይሆናል፤ ፖሊሱ ባለጉዳዩን 'እስቲ አንዲት ደብዳቤ ጻፍልኝ' ይለዋል» የሚለው ፍርሃት ከልምዳችን የመጣ ነው፤ ቅጽ ሞልቶ ቁጥር ማሟላትን እናውቀዋለን። ስለዚህ ምስጋናን ራሱ ተመስጋኙ አይቀበል፤ ከእስር ካልወጣ ሰው የሚመጣ ምስጋና አይያዝ፤ ከደረሱት ደብዳቤዎች ጥቂቶቹን የሌላ ጣቢያ ኃላፊ ደውሎ ያጣራ። ለጣቢያ የሚመደብ የምስጋና ኮታ ፈጽሞ አይኑር፤ በቁጥርም አይወዳደሩ። ዝርዝር ያለው አንድ ደብዳቤ ባዶ ውዳሴ ከሞላበት ፋይል ይበልጣል፤ የሚመዝነውም ሰው ይህን ለመለየት አይቸገርም።

ለወጣቶች የፖሊሱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ መልቀቅ የተሻለ ይመስላቸው ይሆናል። ፈቃዱን ሳይጠይቁ ፊቱን ማሰራጨት ሌላ ወንጀል ለሚከታተል ፖሊስ አደጋ ነው፤ የተበዳይን ማንነትም ያጋልጣል። ሺህ ሰው ወዶት ያለፈው ምስልም ከማኅደሩ አይደርስም።

ለነዋሪው፦ ይህ መዝገብ እስኪከፈት መጠበቅ አያስፈልግም። ወረቀት አንሥተህ «ለልደታ ክፍለ ከተማ ፖሊስ መምሪያ» ብለህ፣ ለጣቢያው ግልባጭ አድርገህ፣ በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርግ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን በቅጂህ ላይ አስጽፍ። ራፖር ጸሐፊዎቻችንም አቤቱታ በሚጽፉበት ሙያ ይህን ቢጽፉልን፣ የጽሑፍ ዋጋ ለሚቸግራቸው እናቶች ደግሞ በነጻ ቢያደርጉት፣ የሚያኮራቸው ሥራ ነው።

ለመምሪያው፦ ሥራውን በአንድ ጣቢያ ጀምራችሁ ለስድስት ወር እንድትሞክሩት፣ በዚያ ጊዜ የደረሱትን ምስጋናዎችና ቅሬታዎች በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ እንድታወጡ፣ ጥያቄውን የማትቀበሉት ከሆነም ምክንያቱን ለነዋሪው በጽሑፍ እንድታሳውቁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የልደታ ክፍለ ከተማ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን